ሽንቱ እስኪመጣ

አንድ የማላውቀው ሰው ሽንቱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል አብሬው ቁጭ ብዬ አውቃለሁ። ቀልድ አይደለም፣ ሥራዬ ነበር። ሥራ ስል ደግሞ ያለ ደመወዝ ነው። የሰጡኝ አንድ ሰደርያና አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ብቻ ነው።

በአንድ የብስክሌት ውድድር ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሳለ የዶፒንግ (የተከለከለ አበረታች መድኃኒት) ምርመራ አጃቢ ተደረግሁ። ሲነግሩህ ቀላል ነው። ብስክሌተኛው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ትጠብቀዋለህ። ለምርመራ መመረጡን ትነግረዋለህ፣ ታስፈርመዋለህ። ከዚያ በኋላ ምርመራው ክፍል እስኪገባ ከዓይንህ አይጠፋም። ልብስ ሲቀይር አብረህ ነህ። ጋዜጠኛ ቢያናግረው ጎኑ ትቆማለህ። ሽንቴ መጣ ካለህ "ቆይ፣ እሱንማ ለእኛ አቆይልን" ትለዋለህ።

የእኔ ሰው አሸናፊ አልነበረም። በዕጣ የወጣ ነው። ሰባ ምናምነኛ ሆኖ ነው የገባው። አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ጋልቦ፣ ላቡ ጉንጩ ላይ ደርቆ የጨው መስመር ሠርቶ ነበር። ስነግረው አልተገረመም። "እሺ" አለና እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፊርማው ከሳጥኑ ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና የታሸገ ውሃ የሞላበት ፍሪጅ አለ። ውሃውን ራሱ መርጦ ራሱ ይከፍታል። ማንም ከፍቶ አያቀብለውም፤ በኋላ "ውሃዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጨመሩብኝ" እንዳይል ነው። መቀበያ ኩባያውንም ከተደረደሩት መሃል ራሱ ያነሳል። ከዚያ ከተቆጣጣሪው ጋር ሽንት ቤት ይገባል። ማሊያው እስከ ደረቱ ይሰበሰባል። ቁምጣው እስከ ጉልበቱ ይወርዳል። እጅጌው ይጠቀለላል። ተቆጣጣሪው ቆሞ ሽንቱ ከሰውነቱ ሲወጣ ያያል። አዎ፣ ያያል። ፊቱን አዙሮ አይደለም።

የሚፈለገው 90 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ሰውነቱ ውስጥ የነበረውን ውሃ ሁሉ መንገድ ላይ አፍስሶ ለመጣ ሰው ግን ይህም ተራራ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ በሩ ላይ ቆሜ የቧንቧ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ። ክፈቱልኝ ብሎ ነው፤ ልጅ እያለን ያታልሉን የነበረው ዘዴ። ይዞት የወጣው የኩባያውን ታች ብቻ የሸፈነ፣ የጠቆረ ቢጫ ነገር ነው። እሱ ታሸገ፣ ቁጥር ተጻፈበት። ቀሪው እስኪመጣ መጠበቅ ሆነ።

ውሃ በላይ በላዩ እንዳይጠጣ ደግሞ ይፈራል። ሽንቱ ከቀጠነ ችግር ነው። ተቆጣጣሪው በትንሽ መሣሪያ እፍጋቱን ይለካል። ቀጥኖ ከተገኘ እንደገና ሌላ ናሙና ነው። ስለዚህ ትንሽ ይጠጣና ያቆማል። ያቆምና ግድግዳ ያያል። እኔም ግድግዳ አየሁ። ምን ይወራል? "ዛሬ ንፋሱ እንዴት ነበር?" አልኩት። "ከፊት" አለኝ። በዚሁ አለቀ።

እዚያ ቁጭ ብዬ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ደንብ ሁሉ አንድ አጭበርባሪ አባት እንዳለው ነው። ማሊያው እስከ ደረት የሚሰበሰበው በከንቱ አይደለም። በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቤልጅየማዊው ሚሼል ፖለንቲየር በቱር ደ ፍራንስ፣ በፈረንሳይ ትልቁ የብስክሌት ውድድር፣ አልፕ ዱዌዝ የሚባለው ዳገት ላይ አሸንፎ የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለበሰ። ምርመራው ክፍል ሲገባ ብብቱ ሥር ንጹሕ ሽንት የተሞላ የጎማ ፊኛ ነበር። ከፊኛው ቀጭን ቱቦ በልብሱ ውስጥ ለውስጥ ወርዷል። ክንዱን ጫን ሲያደርግ ይፈሳል ማለት ነው። እቅዱ የተበላሸው በእሱ ጥፋት እንኳ አይደለም። ከእሱ ጋር የነበረ ሌላ ብስክሌተኛ ተመሳሳይ ዕቃ ይዞ አልሠራ ብሎት ሲታገል ሐኪሙ ጠረጠረና የፖለንቲየርንም ማሊያ ገለጠው። ቢጫ ማሊያ እንደለበሰ ከውድድሩ ተባረረ። እና ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ሰባ ምናምነኛ የወጣውን ልጅ ጨምሮ፣ ማሊያውን ይሰበስባል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ምርመራው ራሱ ሲጀመር ብስክሌተኞቹ ተቆጥተው ነበር። በ1966 ቱር ደ ፍራንስ ቦርዶ ላይ መርማሪዎች ሆቴል ድረስ መጡ። የፈረንሳዩ ተወዳጅ ሬሞን ፑሊዶር የመጀመሪያው ተመርማሪ ሆነ። በማግሥቱ ብስክሌተኞቹ ወርደው ብስክሌታቸውን እየገፉ በእግራቸው ሄዱ። ተቃውሞ ነው። ሠራተኛ ነን እንጂ ወንጀለኛ አይደለንም የሚል መንፈስ ነበረው። እውነት ለመናገር ይገባኛል። ዓመት አልፎ ትንሽ ፈቀቅ እንዳለ ግን፣ ሐምሌ 13 ቀን 1967፣ እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን ሞን ቫንቱ የሚባለውን ራቁት ተራራ ሲወጣ ወደቀ። አንስተው ብስክሌቱ ላይ አስቀመጡት። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ወደቀ። በዚያው አልተነሳም። 29 ዓመቱ ነበር። ሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኘ። ማሊያው ኪስ ውስጥም የክኒን ብልቃጦች ነበሩ። አምፌታሚን ኃይል አይጨምርም፤ ሰውነት "በቃኝ" ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ነው የሚያፍነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ዳገት ላይ ያ ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

ያም ሆኖ አምፌታሚን ከኋላው ከመጣው ጋር ሲወዳደር የልጆች ጨዋታ ነው። ነገሩን የለወጠው ኢፒኦ ነው። ኢፒኦ ኩላሊት የሚያመርተው ሆርሞን ነው፤ መቅኔን ቀይ የደም ሴል አምርት ብሎ ያዝዛል። ሰው ሠራሹ የተፈለሰፈው ደም ላነሳቸው የኩላሊት ሕመምተኞች ነበር። ወደ 1990ዎቹ ሲገባ ብስክሌተኞች ደረሱበት። ቀይ ሴል ሲበዛ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ያገኛል። ለረጅም ርቀት ስፖርተኛ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ችግሩ ደሙ ይወፍራል፣ ልብም ወፍራም ነገር ለመግፋት ይቸገራል።

መመርመሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ዩሲአይ፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ በ1997 አንድ መላ ዘየደ። የደምህ ስንት እጅ ቀይ ሴል እንደሆነ የሚለካው ሄማቶክሪት ከ50 በመቶ ካለፈ አትወዳደርም፣ ለጤናህ ሲባል ለሁለት ሳምንት ታርፋለህ አለ። ዶፒንግ ወሰድክ አይልም። እረፍ ብቻ። ይህን ደንብ መጀመሪያ ሳነብ ጎበዝ ብዬ ነበር። በኋላ ነው የተገለጠልኝ። 50 ላይ አጥር አጠርክ ማለት "እስከ 49 ድረስ ግቡ" ብለህ በር ከፈትክ ማለት ነው። ቡድኖች ደም የሚያሽከረክር ትንሽ ማሽን ሆቴል ክፍል ውስጥ ይዘው መዞር ጀመሩ። ማታ ማታ ይለካሉ። በተፈጥሮው 41 የሆነው ልጅ ስምንት ነጥብ መጨመር ይችላል፣ በተፈጥሮው 48 የሆነው ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ ዶፒንጉ እንኳ እኩል አላደረጋቸውም። "ሁሉም ከወሰደ ያው እኩል ናቸው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን ነው የምነግረው፤ ክርክሩ ውሃ አያነሳም። የ1996ቱን ቱር ያሸነፈው ዴንማርካዊ ቢያርነ ሪስ በጓዶቹ ዘንድ "ሚስተር 60 በመቶ" ይባል ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ራሱ ኢፒኦ መጠቀሙን አመነ።

ስለ ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ማርኮ ፓንታኒ ብዙ መጻፍ አልችልም። በ1999 ጂሮ የሚባለውን የጣሊያን ትልቅ ውድድር ሊያሸንፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ደሙ ተለክቶ 52 ወጣ። በፖሊስ ታጅቦ ከሆቴል ሲወጣ የተቀረጸውን ምስል ዛሬም ሳየው ሆዴን ባር ባር ይለዋል። በየካቲት 2004 ሪሚኒ ውስጥ ሆቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ። 34 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ጉዳይ ልምጣ። ትልልቆቹ ቅሌቶች በምን ተጋለጡ? በሽንት ብርጭቆ ይመስልሃል? በሐምሌ 1998 የፈስቲና ቡድን ወጌሻ መኪናውን ኢፒኦና የእድገት ሆርሞን ጭኖ የቤልጅየምና የፈረንሳይ ድንበር ላይ ተያዘ። የያዙት ጉምሩኮች ናቸው። ቡድኑ ተባረረ፣ ፖሊስ ሆቴል ለሆቴል ፈተሸ፣ 189 ብስክሌተኛ የጀመረውን ቱር 96 ሰው ጨረሰው። በ2006 ማድሪድ ውስጥ የአንድ ሐኪም ማቀዝቀዣ ተከፍቶ በምስጢር ስም የተለጠፈባቸው የደም ከረጢቶች ተገኙ። ያም የስፔን ፖሊስ ሥራ ነው። በ2007 ቢጫ ለብሶ ሊያሸንፍ የደረሰው ሚካኤል ራስሙሰን ለመርማሪዎች ሜክሲኮ ነኝ ብሎ ነበር፤ አንድ ጣሊያናዊ የቀድሞ ብስክሌተኛ ግን ጣሊያን ተራሮች ላይ ሲለማመድ አይቼዋለሁ ብሎ በቴሌቪዥን ተናገረ። የገዛ ቡድኑ አስወጣው። በ2019 ኦስትሪያ ውስጥ ፖሊስ አንድ ቤት ሰብሮ ሲገባ የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛ መርፌው ክንዱ ላይ እንደተሰካ ደም ሲቀበል አገኘው። ሥራውን ይመራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ደንበኞች ውስጥ ብስክሌተኞችም ነበሩበት።

አሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግስ? ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ቱር አሸነፈ። በመቶ የሚቆጠር ምርመራ አልፏል። "በዓለም ላይ እንደ እኔ የተመረመረ የለም" ማለት ይወድ ነበር። በ1999 ናሙናው ውስጥ ኮርቲዞን ሲገኝ ለኮርቻ ቁስል የታዘዘ ቅባት ነው ተባለ፤ ማዘዣው ወደ ኋላ ቀን ተቆጥሮለት የተጻፈ መሆኑ በኋላ ወጣ። በ1998 የዓለም ሻምፒዮና ላይ መርማሪዎች ደም ሊወስዱ ደጅ ቆመው ሳለ፣ የቡድኑ ሐኪም አንድ ሊትር ሳላይን (ደም የሚያቀጥን የጨው ውሃ) የዝናብ ልብሱ ሥር ደብቆ አጠገባቸው አልፎ ገባ። ደሙ ቀጠነ፣ ቁጥሩ ወረደ። ይህ ሁሉ የታወቀው በ2012 የአሜሪካ ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ዶሴውን ሲያወጣ ነው። ዶሴው የተሞላው በላቦራቶሪ ውጤት ሳይሆን በዋናነት አብረውት በጋለቡ ሰዎች ቃል ነው። ሰባቱም ድሎች ተነጠቁ። ለሌላም አልተሰጡም። መዝገቡ ላይ ባዶ ናቸው።

ፍትሐዊ ልሁን። ሽንቱ የያዛቸውም አሉ። አንዱን ረስቼው አላውቅም። በ2006ቱ ቱር አሜሪካዊው ፍሎይድ ላንዲስ አንድ ቀን ተራራ ላይ ዝሎ ከመሪው ከስምንት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ቀረ። አለቀለት ተባለ። በማግሥቱ መጨረሻው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ከመንጋው ፈንጥሮ ወጣ። ውሃ አናቱ ላይ እያፈሰሰ፣ ተራራ በተራራ እያለፈ፣ ሞርዚን ብቻውን ገባ። እኔ ከሶፋዬ ተነስቼ ቆሜ ነው ያየሁት። ብቻዬን ክፍል ውስጥ አጨበጨብኩ። የሰው ልጅ ይህን ይችላል ብዬ ለሰው ሁሉ ስደውል ዋልኩ። ቱሩ ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ የዚያው ቀን ሽንት ውጤት መጣ፤ ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞን። እነዚያ የደወልኩላቸው ሰዎች ተራ በተራ መልሰው ደወሉልኝ። ወሬ ሲያገኙ ፈጣኖች ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ብስክሌተኛ ብቻውን ሲገባ ቆሜ አላጨበጨብኩም። ይህ የእኔ ኪሳራ ነው፣ ካሳ የለውም።

ከ2008 ጀምሮ ብልጥ የሆነ ነገር መጣ። ባዮሎጂካል ፓስፖርት ይሉታል። መድኃኒቱን መፈለግ ትቶ ዱካውን ይፈልጋል። የአንተን ደም ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራስህ የዓመታት ልኬት ጋር ያስተያያል። ለምሳሌ የራስህን ደም አስቀድተህ አቆይተህ መልሰህ ብትከተው፣ ያው ያንተው ደም ስለሆነ ባዕድ ነገር አይገኝበትም። ግን ሰውነትህ "ደም ሞልቷል" ብሎ አዲስ ማምረቱን ይቀንሳል። ጨቅላዎቹ ቀይ ሴሎች ይጠፋሉ። ሄሞግሎቢኑ ከፍ ብሎ ጨቅላዎቹ ካነሱ፣ አዋቂ ሞልቶ ልጅ የሌለበት ሰፈር ሆነ ማለት ነው። አንድ ነገር ተደርጓል። በጣም ደስ የሚል አሠራር ነው። ሌባውም ግን አልተኛም። ኢፒኦን በትንሽ በትንሹ፣ ማታ፣ ደም ሥር ውስጥ ከወሰዱት ጠዋት ላይ ዱካው ይሳሳል። ቁጥሮቹም ብዙ ሳይዘሉ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። አጥሩ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለአንድ ነገር ነው። ምርመራ "ይህ ሰው ወስዷል" ማለት ይችላል። "ይህ ሰው አልወሰደም" ማለት ግን አይችልም። አርምስትሮንግም ያንኑ ወረቀት ነበረው። ንጹሑ ልጅ እንግዲህ ምን ያሳይ? ማሊያውን ሰብስቦ፣ ሽንቱን ሰጥቶ፣ ደሙን ሰጥቶ፣ በመጨረሻ የሚያገኘው ወረቀት ሌባው ኪስ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው።

ክሪስቶፍ ባሶንን ያስታወሰ አለ? የፈስቲና ጓዶቹ ፖሊስ ፊት ቀርበው "እሱ አይወስድም" ብለው የመሰከሩለት ፈረንሳዊ ነው። በ1999 ቱር ላይ እየጋለበ ለአንድ ጋዜጣ ይጽፍ ነበር፤ ፍጥነቱ ጤነኛ አይመስለኝም አለ። ከዚያ ማንም አያዋራውም። አርምስትሮንግ ራሱ ጎኑ መጥቶ ስፖርቱን ልቀቅ አለው። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ማለዳ ጥሎ ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሙያውንም ተወ። አንድም ምርመራ ሳይወድቅ የጠፋው እሱ ነው።

ዛሬስ? ጓደኞቼ ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ። በ2024 ስሎቬኒያዊው ብስክሌተኛ ታዴ ፖጋቻር ፕላቶ ደ ቤይ የሚባለውን ዳገት ፓንታኒ በ1998 ከወጣበት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኖ ወጣው። በኢፒኦ ዘመን ከነበረው ፓንታኒ! እርግጥ ብስክሌቱ ሌላ ነው፣ ጎማው ሌላ ነው፣ በየሰዓቱ የሚወስዱት ስኳር ከድሮው ጋር አይገናኝም። በሰውየው ላይ የተገኘ ነገር የለም። የለም ማለት የለም ነው። እኔ ግን ያንን ቀን ሳየው ከሶፋዬ አልተነሳሁም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ እንዳልኩ ነው ያለቀው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ምክንያቱም ካልወሰደ፣ ላንዲስ ያጠፋውን እያስከፈልኩት ነው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። መጠበቅ ከጀመርን ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሞላን ሲል ልጁ ብድግ አለ። "አሁን" አለ። ከተቆጣጣሪው ጋር ገባ። ቧንቧ አላስከፈተም። ሲወጣ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ትኩስ ሾርባ እየተጠነቀቀ ነበር። ከታሸገው ጋር ተቀላቀለ። ሁለቱን ጠርሙሶች፣ አንዱን "ኤ" ሌላውን "ቢ"፣ ራሱ ሞላቸው። ክዳኑ ሲጠበቅ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ወደ ኋላ አይዞርም። ጠርሙሱን ገልብጦ አንጠባጠበ አላንጠባጠበም አየ። ባለፉት ሰባት ቀናት የወሰደውን መድኃኒት ጻፈ፤ አንድ የራስ ምታት ክኒንና ቫይታሚን። ፎርሙ ላይ አስተያየት ካለህ የሚል ቦታ አለ። አንገቱን ነቀነቀና ሰረዝ አደረገበት። ቅጂውን አጥፎ ሙዝ ከሚያስቀምጡበት የማሊያው የኋላ ኪስ ከተተው።

ሥራዬ እዚያ አልቋል። ግን የቡድኑ አውቶቡስ ሄዶ መኪና እየጠበቀ ስለነበር አብሬው ውጭ ቆምኩ። ጨልሟል። ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ይንቀጠቀጣል። ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ይሞላል። ምንድን ነው አልኩት። "ሰዓቴ ነው" አለ። ለካ የእነሱ ነገር እንዲህ ነው፤ በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዷን ሰዓት መርጠው የት እንደሚገኙ ያስመዘግባሉ። በዓመት ውስጥ ሦስቴ ካልተገኙ መድኃኒት እንደወሰደ ሰው ይቀጣሉ። ሠርግ ይሁን፣ ለቅሶ ይሁን፣ ዕረፍት ይሁን።

የሆቴሉን ስም ጻፈ። የክፍሉን ቁጥር ጻፈ። ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት አለ።

"ዛሬ ሰጥተህ ነገም ይመጣሉ?" አልኩት።

"ሊመጡ ይችላሉ። ጠዋት ግን ይሻላል፣ ቶሎ ይመጣል" አለና ሽንቱን ማለቱ መሆኑ እስኪገባኝ ጠበቀኝ። ከዚያ ባጄን በአገጩ አመለከተ። "አንተ ግን አትመጣም አይደል?"

"አልመጣም" አልኩት።

መኪናው መጣ። ብስክሌቱን ጣሪያው ላይ አሰሩለት።